የቀለበቱ አባት፤ ክብረ ነገሥትና የቤተ ሰብ ሕጋችን ስለ አባትነት የሚሉት

በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ የባህል ዕቃ ወደሚሸጥባቸው ሱቆች ጎራ ያለ ሰው፣ በጨርቅ ወይም በብራና ላይ የተሣለውን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ሳያይ አይወጣም። ሥዕሉ በትንንሽ ክፍል ተከፋፍሎ፣ ብዙውን ጊዜም አርባ አራት ሆኖ፣ ከንግሥቲቱ ጉዞ አንሥቶ እስከ ታቦቱ መምጣት ድረስ ያለውን ነገር በተራ ያሳያል። ገዢው የውጭ አገር ሰው እንደ ሆነ ቀለሙን ያደንቃል፤ የአገር ሰው እንደ ሆነ ደግሞ የሥርወ መንግሥቱን ነገር ያስታውሳል። እኛ ግን ሥዕሉ የተቀዳበትን መጽሐፍ፣ ክብረ ነገሥትን፣ ባልተለመደ ወገን ለመመልከት እንወዳለን። ታቦቱና ዙፋኑ ለጊዜው ወደ ጎን ቢቆዩልን፣ ይህ መጽሐፍ ሳይጋቡ ልጅ ስለ ወለዱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ አባቱንም ሳያይ ስላደገ ልጅ የሚናገር ሆኖ እናገኘዋለንና።

ይህንም ያነሣነው ለመራቀቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከሰሚት እስከ አያት በተዘረጋው ሰፈር፣ ወንድና ሴት ጋብቻ ሳይፈጽሙ መውለዳቸው፣ ወልደውም መለያየታቸው እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ከተለያዩ በኋላ አባት ልጄን ልይ ይላል፤ እናት አስቀድመህ ቀለቡን ክፈል ትላለች፤ አለዚያም ከነጭራሹ አባቱ አይደለህም ትለዋለች። ክርክሩ ከቦሌ ምድብ ችሎት ሲደርስ ዳኛው የሚገልጠው በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የተሻሻለውን የቤተ ሰብ ሕግ ነው። ባለጉዳዮቹ ግን ከዚህ ሌላ፣ ከመጽሐፍም ከተረትም የወረሱትን ሕግ በልባቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ይኸውም አባት ማለት ምልክት ትቶ የሄደ ሰው ነው፣ ልጁም ሲያድግ ፈልጎ ያገኘዋል የሚለው ነው። የዚህን ሐሳብ ምንጭ ለማወቅ ወደ ክብረ ነገሥት መመለስ ያሻል።

መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ ሰሎሞን ንግሥቲቱን ሲያሰናብት ከጣቱ ቀለበት አውልቆ ሰጣት፤ ወንድ ልጅ ብትወልድ ያንኑ ምልክት ይዞ እንዲመጣ ነገራት። ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት በሆነው ጊዜ አብረውት የሚማሩትን ልጆች አባቱ ማን እንደ ሆነ ጠየቃቸው፤ እነርሱም ነገሩት። ከዚያ ወደ እናቱ ቀርቦ ቢጠይቃት ተቆጣችው፤ አባትህም እናትህም እኔ ነኝ የሚል መልስ ሰጠችው። ልጁ ግን ወጥቶ ተቀምጦ ሁለተኛ ጠየቀ፣ ሦስተኛም ጠየቀ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ወደ ኢየሩሳሌም ወረደ፤ በጋዛ ያገኙት ሰዎች መልኩን አይተው ንጉሡ መስሏቸው ሰገዱለት።

በዚህ ስፍራ የደራሲው ብልኀት ከፍ ያለ መሆኑን መመስከር ይገባናል። በ14ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ መጽሐፍ፣ የነገሥታትን ክብር ለመናገር ተነሥቶ ሳለ፣ አባት የሌለውን ልጅ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ማሰማቱ የሚደነቅ ነው። የልጁን ምሥጢር እናቱ ከመናገሯ በፊት የትምህርት ጓደኞቹ ዐውቀውት መገኘታቸውም የሰውን ኑሮ አጥብቆ ያስተዋለ ጸሓፊ ብቻ የሚያስበው ነገር ነው። በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ መምህራን ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

የምንነቅፈው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። በሃያ ሁለቱ ዓመት ውስጥ አባትዮው ምን ሠራ? መንገዱ አልተዘጋም ነበር፤ ታምሪን የተባለው የንግሥቲቱ ነጋዴ በግመል ዕቃ ጭኖ ወደ ኢየሩሳሌም ይመላለስ የነበረ መሆኑን ራሱ መጽሐፉ ነግሮናል። ሰሎሞን ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ልጅ ተወለደ ወይስ አልተወለደም ብሎ መልእክት መስደዱን አናነብም። ደራሲውም በዚህ አይወቅሰውም። ቀለበቱ አለ፣ መልኩም ይመሰክራል፤ እንግዲህ አባትነቱ ሙሉ ነው ብሎ ያልፈዋል። ለእኛ እንደሚመስለን፣ ዛሬ አንዳንድ ወጣት አባት ስሜን ሰጥቼዋለሁ ብሎ በአንዲት የልደት ወረቀት ተጽናንቶ የሚኖረው ከዚሁ ትምህርት ቤት ስለ ወጣ ነው።

የኋላው ታሪካችን እንኳ በዚህ ነገር ከመጽሐፉ ይሻላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ሲወለዱ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ በቤተ መንግሥቱ ከሚኖሩት ሴቶች አንዷ እንጂ የኃይለ መለኮት ሚስት እንዳልነበሩ ይተረካል። ልጁን የሸዋ ልዑል ያደረገው የአያቱ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የአባቱ ቤት ወዲያው የኛ ነው ብሎ መቀበሉና ማሳደጉ ነው።

ወደ ሕጉ እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ያላገባውን አባት የሚያውቀው እንደ ባልና ሚስት አብሮ ሲኖር የተገኘ እንደ ሆነ፣ ወይም ልጄ ነው ብሎ በፈቃዱ የተቀበለ እንደ ሆነ ነበር። ፍርድ ቤት አባት ነህ ብሎ የሚፈርድበት በጠለፋ ወይም በመድፈር የተነሣ ብቻ ነው። የ1992ቱ ሕግ ይህን በር በብዙ አስፍቶታል፤ ነገር ግን በፈቃዱ ልጄ ነው ብሎ የሚመጣው ሰው ቃሉ እንዲጸና የልጁ እናት እውነት ነው ብላ ማረጋገጥ አለባት የሚለውን ሥርዐት አላፈረሰውም። ብዙ አባቶች የሚያማርሩት በዚህ ነው። ደጃፉ ለእኔ ሲሆን ቁልፉ ለምን በእርሷ እጅ ሆነ ይላሉ።

ምሬታቸውን አንንቅም። ዳሩ ግን የክብረ ነገሥትን የግብዣ ሌሊት ደግሞ ማንበብ ይገባል። ሰሎሞን ንግሥቲቱን በግድ እንዳይነካት ምሎላት፣ እርስዋም ከቤቱ አንዳች ነገር እንዳትወስድ ምላለት ነበር። እርሱ ግን የሚያስጠማ ምግብ አቀረበላት፤ ሌሊት ተነሥታ ውሃ ስትጠጣም መሐላሽን አፈረስሽ ብሎ ያዛት። ሠዓሊዎቻችን ይህን እንደ ቀልድ ይሥሉታል፤ ተመልካቹም ይሥቃል። እኛ ግን በዚህ መሣቅ አይቻለንም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ቢያገባ ከቅጣት ያድነው እንደ ነበር፣ ይህም የተሻረው በ1997 ዓ.ም. እንደ ሆነ የሚያውቅ አንባቢ፣ ሕግ ሠሪዎቹ እናቲቱን ሳይጠይቁ አባት ነኝ ባዩን ሁሉ ለማስገባት ለምን እንደ ፈሩ ይረዳል። ቁልፉ በእጅዋ የተቀመጠው ስለዚህ ነው። ችግሩ፣ ፈቅዳ ወልዳ ኋላ የተቀየመችውም እናት ያንኑ ቁልፍ መያዝዋ ነው።

የሕጉን አማርኛ ብንመረምር ሌላም ነገር እናገኛለን። ወላጆችና ልጆች ስለሚገናኙበት መብት በግልጽ ተጽፎ የምናነበው ስለ ፍቺ በሚናገረው ክፍል ነው፤ ዳኛው ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ትምህርቱና ጤንነቱ እንዴት እንደሚጠበቅ ሲወስን ይህንንም ይወስናል። ያልተጋባ ሰው ግን አይፋታም። እንግዲህ ለእርሱ የሚፈርድ ዳኛ ከፍቺው ክፍል ተውሶ መፍረድ ሊኖርበት ነው። በችሎት የሚነገረውም ቃል ራሱ አሳዛኝ ነው፤ ልጅን መጠየቅ ይባላል። በአማርኛችን የሚጠየቀው የታመመና የታሰረ ነው። ቀለብ ደግሞ ለበቅሎም ለወታደርም የሚሰፈር ነው። አንዱ ወገን ሰፋሪ፣ ሌላው ጠያቂ በሆነበት ቋንቋ ውስጥ አባት የሚለው ስም የሚገባበት ቦታ ጠቧል።

ሆኖም ከሕጉ አንዱን ንኡስ ክፍል ልናመሰግን እንወዳለን። ፍርድ ቤት አባትነትን ሊያውጅ ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ አባት ነው የተባለው ሰው ልጁን እንደ አባት ሆኖ ሲንከባከብ፣ ሲቀልብ፣ ሲያስተምር መገኘቱ ነው። ክብረ ነገሥት ያለፈውን ዘመን ሕጉ እዚህ ላይ ቆጥሮታል፤ ከቀለበትም ከመልክም ይልቅ ልጁን ትምህርት ቤት ያደረሰውን እግር አስቀድሟል። ጉድለቱ፣ አንቀጹ የተቀረጸው የሚሸሸውን ለመያዝ መሆኑ ነው፤ ደግነቱ ማስረጃ የሚሆንበት እንጂ የሚሆንለት ሰው ያለ አይመስልም።

ክርክሩ ሁሉ የአባት መብት ወይስ የእናት መብት በሚል ሚዛን ሲቀመጥ ማለቂያ አያገኝም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት የሰጠው ለልጁ ነው፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል እንዲሆን በዚያው አንቀጽ ደንግጓል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በአክስቱ እጅ ባደገ ልጅ ነገር ሲፈርድ፣ የሥር ፍርድ ቤቶች አባት ነውና ይገባዋል ያሉትን ሽሮ የልጁን ጥቅም ያስቀደመው በዚሁ አንቀጽ ነው። አባቶች ይህን ፍርድ እንደ ጠላት ሊያዩት አይገባም። ልጅን ላልጠየቀው አባት የከለከለው ያው ምክንያት፣ ዘወትር ልጁን ሲጠይቅ ለኖረው አባት ደጁን ሊከፍትለት ይችላልና።

በምሥራቁ ከተማ ደግሞ ጊዜ የሚባለው ነገር የባሰ ይቸኩላል። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ አሜሪካ ሲሄድ፣ ልጁም ሊከተል ሲታሰብ፣ እስከዚያ ቀን ያልተነሣው የአባትነት ጥያቄ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይነሣል። የ2004 ዓ.ም. የኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ልደት በዘጠና ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ አባትነትን መቀበልም እንዲሁ በመዝገብ እንዲሠፍር አዟል፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ተጀምሯል። ሁለቱ ገና በፍቅር ሳሉ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት አብረው ቢሄዱ የእናቲቱ ፈቃድ ያለ ክርክር ይገኝ ነበር። ከተቀያየሙ በኋላ ግን ሰነዱ ሁሉ የጦር መሣሪያ ይሆናል።

ክብረ ነገሥትን ሳንዘጋ አንድ ነገር እንጨምር። ሰሎሞን ልጁን ካገኘው በኋላ ሊለቀው አልወደደም፤ መንግሥቱን እንኳ ሊያወርሰው እያባበለ ከእርሱ ዘንድ እንዲቀር ለመነው። ልጁ የእናቱን አደራ ጠቅሶ እምቢ አለ፤ አባትዮውም ቀብቶ፣ ስም ሰጥቶ አሰናበተው። ደራሲው ይህን ስንብት በሰፊው ጽፎታል። ከዚያ በፊት የሆነውን ግን በጥቂት ቃል አልፎታል፤ ተቆጥታ የመለሰችው እናት፣ መንገዱ ሩቅና ከባድ ነው ያለችው እናት፣ በመጨረሻ ቀለበቱን አስይዛ ከነጋዴው ጋር ልጅዋን ወደ አባቱ ሰደደችው።