የአለን ሺረር ፊልምና የኛ «ቴስታ»

ኳስ የሚወዱ ከሆነ አለን ሺረርን ላስተዋውቅዎ አያስፈልገኝም። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 260 ጎል ያስቆጠረ፣ ከነዚህም 46ቱን በጭንቅላቱ ያገባ አጥቂ ነው። ይኸው ሰው በ2017 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ለቢቢሲ ቴሌቪዥን «የመርሳት በሽታ፣ እግር ኳስና እኔ» የሚል የአንድ ሰዓት ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል። ፊልሙ አዲስ አይደለም። ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ሜዳ የምናደርስ ወላጆች ልናየው ይገባል ባይ ነኝ፤ ከነጉድለቱም ቢሆን።

የፊልሙ ጥያቄ አጭር ነው። ኳስን ደጋግሞ በቴስታ መምታት አንጎልን ይጎዳል ወይ? ሺረር ከሚያነጋግራቸው መካከል የጄፍ አስትል ቤተሰብ ይገኝበታል። አስትል የዌስት ብሮሚች አልቢዮን አጥቂ፣ በቴስታው ስመ ጥር የነበረ ሲሆን በ2002 በ59 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት የአሟሟቱን ምክንያት የመረመሩት ዳኛ የገደለው ከሥራው የመጣ በሽታ ነው ሲሉ ወሰኑ። ልብ ይበሉ፤ ይህ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ሳንባው በአቧራ ሲያልቅ የሚሰጥ ዓይነት ፍርድ ነው። የአስትል የሥራ መሣሪያ ግን ግንባሩ ነበር። በ2014 ዶክተር ዊሊ ስቱዋርት የተባሉ የግላስጎው ሐኪም አንጎሉን እንደገና መርምረው፣ በቡጢኞች ላይ የሚታወቀውንና በተደጋጋሚ ምት የሚመጣውን የአንጎል በሽታ አገኙበት።

ፊልሙ የሚበረታው ሺረር ክሪስ ኒኮልን ሲያገኝ ነው። ኒኮል ሺረርን ገና በጉርምስናው በሳውዝሃምፕተን ያሰለፈው አሰልጣኝ፣ ራሱም የድሮ ተከላካይ ነበር። አንጎሉ መጎዳቱን፣ የጎዳውም ኳስ በጭንቅላት መምታት መሆኑን ሳይሸሽግ ይናገራል። እዚያ ላይ ተንታኝ አያስፈልግም፤ ፊልሙም አልጨመረበትም፤ ደግ አደረገ።

ቅር ያሰኘኝ ሌላው ክፍል ነው። ሺረር የራሱን አንጎል ያስመረምራል። ውጤቱን ስንጠብቅ ልባችን ይሰቀላል፤ የሚያሳስብ ነገር አለመኖሩ ሲነገረው እኛም አብረን እፎይ እንላለን። ለፊልም ጥሩ ነው። ለዕውቀት ግን ምን ፈየደ? አስትልን የገደለው በሽታ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ አንጎል ሲመረመር ነው። የአንድ ሰው ጥሩ ውጤት ስለ ሌላው የሚናገረው የለም። በዚህ ፈንታ ያ ሰዓት ከ2002ቱ ፍርድ እስከ 2017 የእንግሊዝ እግር ኳስ ባለሥልጣናት አሥራ አምስት ዓመት ምን ሲሠሩ ነበር የሚለውን ጠበቅ አድርጎ ቢጠይቅ በወደድሁ። ሺረር ኳስን ይወዳል፤ ወዳጅ ደግሞ ሲጠይቅ ይለሳለሳል።

ዋናው መልስ የመጣው ፊልሙ ከታየ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ2019 ዶክተር ስቱዋርትና ባልደረቦቻቸው የ7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን መዝገብ ከ23,028 ሌሎች ሰዎች ጋር አስተያዩ። ተጫዋቾቹ በልብ በሽታና በሳንባ ካንሰር የሚሞቱት ባነሰ ቁጥር ነው፤ አንጎልን በሚያደክሙ በሽታዎች የመሞታቸው ዕድል ግን ሦስት ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በ2021 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ በረኞችን ከሌላው ሕዝብ ብዙም ያልተለዩ ሆነው ሲያገኛቸው፣ ተከላካዮችን አምስት እጥፍ ያህል ለአደጋው የተጋለጡ ሆነው አገኛቸው። ጥናቱ የእያንዳንዱን ሰው ቴስታ አልቆጠረም፤ እንግዲህ ማስረጃው የተሟላ ነው አልልም። ነገር ግን በረኛ በእጁ፣ ተከላካይ በግንባሩ እንደሚሠራ እኔና እርስዎ እናውቃለን።

በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ሰልፍ ላይ ይህን ሳነሳ አንድ ባልደረባዬ «ያ የድሮ ኳስ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ድንጋይ ይሆን ነበር» አለኝ። እውነት አለው፤ የዛሬው ኳስ ውኃ አይጠጣም። ነገር ግን ደረቅ ኳስ ከ1937 ጀምሮ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው፤ ዛሬም ያው ነው። አንድ ጊዜ ፊዚክስ አስተማሪ ነበርሁና ልጨምርበት፦ የኳስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚይዘው ኢነርጂ አራት እጥፍ ይሆናል። አንጎል ደግሞ ራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ላይ የተቀመጠ ለስላሳ ነገር ነው። ታክሲ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የኋላው ተሳፋሪ ወደ ፊት እንደሚወረወር እሱም ይወረወራል። የ2021ዱ ጥናትም ቢሆን የተጫወቱበት ዘመን ያመጣውን ልዩነት አላገኘም።

በ2016 የስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች 19 ተጫዋቾችን ከማሽን የሚወረወር ኳስ 20 ጊዜ በቴስታ አስመቷቸው። ወዲያው የተሰጣቸው የማስታወስ ፈተና ውጤት ከ41 እስከ 67 በመቶ ቀነሰ፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ተመለሰ። ተመለሰ ብለው የሚጽናኑ አሉ። እኔ ግን በማትሪክ ዋዜማ ማታ ቴስታ ሲለማመድ ያመሸ ተማሪ ነው የታየኝ።

ወደኛ ሜዳ እንምጣ። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ወላጆች ከከሰሱት በኋላ በ2015 መመሪያ አውጥቷል፤ ዕድሜያቸው 10 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ቴስታ እንዳይመቱ፣ ከ11 እስከ 13 ያሉትም በልምምድ ጊዜ እንዲገደብላቸው። ሆኖም ባለፈው በጋ የኛ ሰው የሆነ አንድ አሰልጣኝ የስምንት ዓመት ሕፃናት አሰልፎ፣ ኳስ እያሻማ፣ ዓይኑን የጨፈነውን «አትፍራ፣ ወንድ አይደለህም?» ሲል ሰምቻለሁ። በነጻ ነው የሚያሠለጥነው፤ እግዜር ይስጠው፤ ክፋትም የለበትም። እሱም ያደገው እንዲሁ ነው። ቴስታ በኛ ሰፈር ቋንቋ ለኳስም ለጠብም አንድ ቃል ነው፤ ሁለቱም የድፍረት መለኪያ ነበሩ።

ታላላቆቻችንንም አስቡ። በየሐምሌው በዓላችን ላይ በክብር የሚቀመጡ የድሮ ተጫዋቾች አሉ። አንዱ ስም ሲጠፋበት፣ ያንኑ ታሪክ ሦስቴ ሲደግም «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። በ1966 የዓለም ዋንጫን ፍጻሜ ከተጫወቱት 11 እንግሊዛውያን መካከል አምስቱ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ቻርልተኖች ጭምር፣ በኋላ የመርሳት በሽታ አግኝቷቸዋል። እዚያም መጀመሪያ እርጅና ነው ተብሎ ነበር። አባትዎ ወይም አጎትዎ ለክለብ የተጫወቱ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ይህንኑ ይንገሩላቸው፤ ሐኪሙ ካልተነገረው አይጠይቅም።

በስኮትላንድ ከ2022 ጀምሮ ፕሮፌሽናሎች እንኳ ከጨዋታ በፊት ባለው ቀንና በማግስቱ የቴስታ ልምምድ እንዳያደርጉ ተወስኗል። በእንግሊዝም ከ2021 ጀምሮ ጠንካራ የሚባለው ቴስታ በሳምንት ልምምድ ከ10 እንዳይበልጥ ተመክሯል። እነዚህ ደመወዝተኛ ጎልማሶች ናቸው። የኛዎቹን የስምንት ዓመት ልጆች በተመለከተ ከወቅቱ መክፈቻ በፊት ከአሰልጣኞቹ ጋር አንድ ምሽት ብንቀመጥ፣ ፊልሙ አንድ ሰዓት ነው፤ ለውይይቱ ሌላ አንድ ሰዓት ይበቃል። ቡናውን እኔ አመጣለሁ።