ኧረ ሂዱና ተለኩ!

እናንተዬ፣ ቁጭ ብሎ መጻፍ አቃተኝ! ተለካሁ! በሜትር፣ ከአንገቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ፣ ዞሬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እጄን አጥፌ ተለካሁ! «ልብስ ሰፊ ጋ መለካት ደግሞ ምኑ ብርቅ ነው?» የምትል ካለች፣ እሷ ገና በወጉ አልተለካችም። አለቀ!

ነገሩ ሽሮ ሜዳ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ በየደጃፉ የተሰቀለው ቀሚስ ዓይን የሚያጥበረብርበት ሰፈር! ከዶርዜ፣ ከጋሞ ደጋ የመጣ ሙያ ነው የሽመናው ነገር፤ እጃቸው ይባረክ! ስንቶቻችን ነን ግን ያን የመሰለ ሸማ ተሰፍቶ የተሰቀለውን አንስተን የምንሄደው? ትከሻው ይሰፋል፣ ደረቱ ይጠባል፣ ነጠላ ጣል ይደረግበትና ይሸፈናል። በቃ፣ ይሄ ቀረ!

ልብስ ሰፊዋን ባያችሁልኝ! ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ሜትሩ ከአንገታቸው የማይወርድ፣ ስፒሉ ከንፈራቸው መሀል። መጀመሪያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሜትሩን አልነኩትም! ቀጭን ክር ወገቤ ላይ አሰሩና «በይ ወደ ቀኝ ዘንበል በይ፣ አሁን ወደ ግራ» አሉኝ። ክሩ በራሱ ጊዜ ተንሸራቶ ተንሸራቶ አንድ ቦታ ላይ ቁጭ! «ይኸው፣ ወገብሽ እዚህ ነው።» ወይ ጉድ! ዕድሜ ልኬን ቀበቶ የማስርበት ቦታ ለካ ወገቤ አልነበረም! ወገቤ እላይ ነው! በአንድ ጊዜ እግሬ የረዘመ መሰለኝ!

ከዚያ ሆድ! ሜትር ሲመጣ ሁላችንም ምን እናደርጋለን? እፍን! ትንፋሽ ወደ ውስጥ፣ ሆድ ወደ ጀርባ። እርሳቸው ግን ያውቁታል! «እናንተ ሰፈር ሽንኩርት ስንት ገባ?» ብለው ወሬ ጀመሩልኝ። «ኧረ እትዬ ተዉኝ፣ የሽንኩርቱን ነገር አያንሱብኝ!» ብዬ በረጅሙ ስተነፍስ፣ ሜትሩ ዞረ፣ ቁጥሩ ተነበበ፣ ደብተር ላይ ሰፈረ። ተበላሁ! በሳቅ ሞትን! ደግሞ ሁለት ጣታቸውን ከሜትሩ ሥር ሸጎጥ አድርገው ነው የለኩኝ። «ይቺ ለዶሮ ወጡ ናት» አሉ። ፋሲካን የሚያውቅ ልብስ ሰፊ! ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋላችሁ?

ትከሻ ላይ ስንደርስማ አበድኩ! ከአጥንት እስከ አጥንት! አንገቴን ጎንበስ አስደርገው ከኋላ ጉብ የምትለዋን አጥንት በጣታቸው ፈለጉ፤ የጀርባ ርዝመት የሚጀምረው ከሷ ነው! የሜትሩ ጫፍ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ማጅራቴ ላይ ቀዝቀዝ ብላ ስታርፍ ሰውነቴ ውርር አለ! ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ይላል አሉኝ። ቦርሳ የማንጠለጥልበት! አንገትጌው ሁሌ ወደ አንድ ወገን የሚሸሽብኝ ለካ ወዶ አይደለም! ቀጥለው «ክንድሽን አጠፍ አድርጊ» ብለው ሜትሩን ከትከሻዬ በክርኔ ዞር አድርገው እስከ አንጓዬ ለኩ፤ ክንድ ሲታጠፍ እጅጌ ያጥራላ! መጨረሻ ላይ ደግሞ «በይ እስክስታ ውረጂ» አይሉኝ መሰላችሁ! እዚያው! ሱቅ ውስጥ! ወረድኩታ! እርሳቸው ከጀርባዬ ቆመው የጀርባዬን ስፋት ይለካሉ፣ እኔ ትከሻዬን እሰብቃለሁ! ሰርግ ላይ ብብቷ ሥር ተርተር ያለባት ትፍረደኝ!

ርዝመቱንማ እንዴት እንደሚለኩት! የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ ከታች ነው፤ ረዘመ ተብሎ ከሥር አይቆረጥም፣ ጥለቱ አብሮ ይሄዳላ! ስለዚህ ከቀሚሱ ጋር የምታደርጉትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ! ባለ ተረከዙን አድርጌ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ተንበርክከው ከወገቤ ክር እስከ ወለሉ ለኩና አንድ ጣት ከፍ አደረጉት። ጥለቱ ጫማዬን ልንካ አልንካ እያለ ይወዛወዛል! ነፍስ ነው!

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው የአክስቴ ልጅ ወዲያው ደወልኩ። «ክር ፈልጊ!» አልኳት። ምን ክር ትለኛለች! በቪዲዮ ባሏ ሜትር ይዞ ሲዞራት፣ እኔ ከዚህ ስጮህ! ሜትሩ በአንድ ፊቱ 150 ሴንቲሜትር፣ በሌላው 60 ኢንች ነው፤ እሱ በኢንች ይጠራል፣ እኔ «ገልብጠው!» እላለሁ። ልኩ በቴሌግራም መጣ፣ ቀሚሱ ተሰፋ፣ በሚሄድ ሰው ተላከ። ፎቶዋን ሳይ እንባዬ መጣ! ልክክ! ውቅያኖስ ተሻግሮ ልክክ!

የኔውስ! የኔውስ! ከላይ ሳጠልቀው ፈትሉ ለስለስ ብሎ ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ ወገቤ ላይ ያዝ አደረገኝ፣ ዳሌዬን አልፎ ፈሰሰ። የሚጎትት የለ፣ የሚቆነጥጥ የለ! እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ፣ ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ተነሳሁ፣ እንደገና ቁጭ አልኩ! ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? እኔ ጥምቀትን የምጠብቅበት አንጀት የለኝም፤ ለብሼው ጎረቤት ቡና ልጠጣ ሄድኩ!

ኪሱን ሳልነግራችሁ! ኪስ አለው! በሐበሻ ቀሚስ ላይ ኪስ! መዳፌን ዘርግተው ለኩ፣ ከዚያ «ስልክሽን አምጪ» ብለው እሱንም ለኩ! ከጎን ስፌቱ ውስጥ ገብቶ ድራሹ አይታይም! ስልክ፣ ቁልፍ፣ መሐረብ፣ ሁሉም ግጥም! ሰርግ ላይ «ቦርሳዬን ያዥልኝ» ማለት ድሮ ቀረ!

ሂዱ! ከነገ ወዲያ አይደለም፣ ዛሬ! ልካችሁ አንዴ ያ ደብተር ላይ ከሰፈረ ከዚያ ወዲያ ስልክ መደወል ብቻ ነው። እኔማ ደውያለሁ፦ «እትዬ፣ ሌላ አንድ፣ በጥቁር ጥለት! ኪሱን ግን ሁለት ያድርጉልኝ!»