«ማስያዝ» እና «ማጥበቅ»፦ ስለ ባሌስትራ አገጣጠም አንድ ረቂቅ ትርጉም

የሙያ መመሪያ ትርጉም የሚመዘነው በስሞቹ ብቻ ሳይሆን በግሦቹም ጭምር ነው። ይህን የምንለው እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተሠራው ላንድሮቨር ሲሪስ 3 የኋላ ባሌስትራው እንዴት እንደሚገጠም የሚያስረዳውን መመሪያ ወደ አማርኛ የመለሰ አንድ ረቂቅ መርምረን ነው። ተርጓሚው ለስሞቹ ብዙ ደክሟል፤ የሠራተኛውን እጅ የሚመሩትን ግሦች ግን ችላ ብሏቸዋል።

አስቀድመን ስለ ስሙ እንናገር። ረቂቁ ዕቃውን «የቅጠል ጸደይ» ይለዋል። ጸደይ በአማርኛ የዓመት ወቅት እንጂ ተጫኖ የሚመለስ ብረት አይደለም፤ ስሕተቱ የመጣው የእንግሊዝኛው ቃል ሁለቱንም ፍች ስለሚይዝ ነው። በጋራዦቻችን የሚነገረው ባሌስትራ የጣልያንኛ ቃል ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ቃታ ያለውን የጥንት ቀስትም ያመለክታል፤ ተደራርበው የጐበጡት ዝርግ ብረቶች ቀስት ይመስላሉና። አገርኛ ስም የግድ ካስፈለገ ይህንኑ ምስል የሚሰጥ «ደጋን» አለን። እኛ ግን ባሌስትራ መሪ ቃል ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ደጋን በማብራሪያው እንዲጠቀስ እንመርጣለን፤ መካኒኩ መለዋወጫ ሲገዛ የሚጠራው ባሌስትራን ነውና። እንደዚሁ ቡሎን የሚያልፍበት የተጠቀለለ ጫፍ «ዐይን» ተብሏል። አማርኛችን ክር የሚያልፍበትን እንኳ የመርፌ ቀዳዳ ይለዋል፤ ስለዚህ «ቀለበት» ቢባል ቅርጹን በተሻለ ይገልጸዋል።

እነዚህ ጉድለቶች አንባቢን ያደናግራሉ እንጂ መኪናውን አይጎዱም። መኪናውን የሚጎዳው የግሡ ነገር ነው። በቀለበቱ ውስጥ በሁለት የብረት ቱቦዎች መካከል የታቀፈ ላስቲክ አለ። ቡሎኑ ሲጠብቅ የውስጠኛው ቱቦ ይያዛል፤ ከዚያ ወዲያ ባሌስትራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ነው። ስለዚህ ሻንሲው ተደግፎ አክስሉ ዝቅ ብሎ ሳለ ቡሎኑ ገብቶ በስሱ ይያዛል፤ ተጠብቆ የሚያበቃው ጎማዎቹ መሬት ረግጠው የመኪናው ክብደት በባሌስትራው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። አስቀድሞ ከጠበቀ ግን መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ እንደ ተጠመዘዘ ይቀራል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

ረቂቁ ለሁለቱም ተግባር «ማጥበቅ» የሚል አንድ ግሥ ሰጥቷል። ሠራተኛው ሁለተኛውን ትእዛዝ ድግግሞሽ መስሎት ቢያልፈው አይፈረድበትም። ለመጀመሪያው «ማስያዝ»፣ ለመጨረሻው «ማጥበቅ» ቢባል ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። ማስያዝ ንብረትን ለዕዳ መያዣ መስጠትን ያመለክታል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ቡሎንን ማስያዝና ቤትን ማስያዝ ለማንም አማርኛ ተናጋሪ አይምታቱም። «ማንሣት» እና «መደገፍ»ም እንዲሁ ተለያይተው መቀመጥ አለባቸው። ክሪክ ያነሣል እንጂ ሰው ከሥሩ ለሚሠራበት መኪና በቂ ድጋፍ አይሆንም፤ እዚህ ላይ የቃል መደባለቅ ሕይወት ያስከፍላል።

ሌላም ነገር አለ። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል 88 ኢንች ርቀት ባለው ዐይነት፣ በሾፌሩ በኩልና በሌላው ወገን የሚገቡት የኋላ ባሌስትራዎች የተለያዩ ናቸው። ተርጓሚው የእንግሊዝን መኪና አስቦ «የሾፌሩ በኩል» የሚለውን «ቀኝ» ብሎታል። መሪው በግራ በኩል ያለ የአገራችን መኪና በዚህ መመሪያ ቢጠገን የአንዱ ባሌስትራ በሌላው ቦታ ይገባል። ሐረጉ እንዳለ ቢተረጐም ኖሮ ለሁለቱም ዐይነት መኪና በሠራ ነበር።

በመሆኑም ረቂቁ ከመታተሙ በፊት ጋራዥ ውስጥ በሚሠራ ሰው ፊት ጮክ ተብሎ እንዲነበብ እናሳስባለን። የሙያ ቃላት መዝገብ የሚያዘጋጁ ባልደረቦቻችንም ከእያንዳንዱ ዕቃ ስም ጐን በዕቃው ላይ የሚፈጸሙትን ተግባራት ግሦች፣ ከነደረጃቸው፣ ይመዝግቡ። ስሙን ያላወቀ ሠራተኛ ዕቃውን አይቶ ይጠይቃል፤ በግሡ የተሳሳተ ግን መሳሳቱን የሚያውቀው ዕቃው ከተበላሸ በኋላ ነው።