ትንፋሽ ላጠረው ሰው ማዕዱም ሕክምና ነው

እዚህ አሜሪካ፣ ማሪዬታ ከተማ፣ ኪሎ መቀነስ ያስመሰግናል። ሲኦፒዲ የሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሳያስበው ሲከሳ ግን እኛ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች እንሰጋለን። የአየር ቧንቧው ሲጠብና ሳንባው አየር ታምቆበት ሲነፋ፣ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ከጤነኛ ሰው ይልቅ ብዙ ይደክማሉ። የሚፈልጉት ጉልበት ከምግብ ካልመጣ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ያፈርሳል፤ የሚያስተነፍሱትም ጡንቻዎች አይተርፉም። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ቦድ የተባለ መለኪያ የሕመምተኛውን የሞት ስጋት ሲገምት ክብደቱን ከቁመቱ ጋር አመዛዝኖ የሚቆጥረው ስለዚህ ነው። ቁመቷ 1.60 ሜትር የሆነች ሴት 53 ኪሎ ብትመዝን በተለመደው ስሌት ክብደቷ ጤነኛ ነው፤ በቦድ ግን የስጋት ነጥብ ይያዝባታል።

«ስበላ ትንፋሼ ይቆረጣል» የሚል ሕመምተኛ እውነቱን ነው፤ የሞላ ሆድ ድያፍራም የተባለውን ከሳንባ ሥር ያለ የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ላይ ይገፋል። መፍትሔው ግን ምግብን መቀነስ ሳይሆን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት ነው። እንጀራና ዳቦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያበዛሉ የሚለው ስጋትም መሠረት አለው፤ ሆኖም በ1992 እ.ኤ.አ. በመተንፈሻ ማሽን በሚረዱ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ይበልጥ የሚወስነው የካሎሪው ጠቅላላ መጠን መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ እንጀራን የሚያስከለክል ምክንያት የለም። የተጎዳ ሳንባ በምግብ አይታደስም ለሚሉም መልሱ አዎ፣ አይታደስም ነው። ነገር ግን በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የተለያዩ ጥናቶችን አሰባስቦ የመዘነው የኮክሬን ግምገማ፣ ተጨማሪ ምግብ የተሰጣቸው የከሱ ሕሙማን ክብደትና የመተንፈሻ ጡንቻ ብርታት እንዳገኙ ያመለክታል።

ለእኛ ሰው ከባዱ ጥያቄ ጾም ነው። በአሜሪካ የተለመደው ምክር እንቁላል፣ አይብና እርጎ ስለሆነ፣ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ለሚጾም ኦርቶዶክሳዊ ግማሹ ዓመት ያለ ምክር ይቀራል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ታቃልላለች፤ የነፍስ አባትን ማማከር ተገቢ ነው። መጾሙን ለሚመርጥም ዋናው ጉዳት ሥጋ መተዉ ሳይሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ በአንዴ መጥገቡ ነው። ዘይት በዛ ያለበት ወፍራም ሽሮ፣ ምስር፣ ኦቾሎኒና አቮካዶ በቀን ተከፋፍለው ቢበሉ ፕሮቲንም ጉልበትም ይሰጣሉ። ጡንቻ እንዲመለስ ግን እንቅስቃሴ ይጨመርበት።

ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካለ በየወሩ መዝኑት። ሳያስበው ከቀነሰ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ለሐኪሙ ንገሩ፣ ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያም እንዲላክ ጠይቁ።