በሰው ቤት ያለ መደርደሪያ፦ የኤሌክትሮኒክ ክምችት ባለቤትነትና የኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 መጨረሻ ራይሲዳ የተባለ የመረጃ ዘራፊዎች ቡድን የለንደኑን የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ሥርዓት ሰብሮ ገባ። ቤዛ ጠየቀ። ተቋሙ አልከፍልም ሲል 600 ጊጋባይት ገደማ የሚሆን መረጃ አደባባይ ላይ ተበተነ፤ ከሰርቨሮቹም ብዙዎቹ ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ዋናው ካታሎግ እንኳ ለፍለጋ ብቻ በሚያገለግል መልኩ የተመለሰው በጃንዋሪ 2024 ሲሆን፣ የዲጂታል ብራናዎች ገጽ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱ የግእዝ ብራናዎች ምስሎችም በዚያ ገጽ ላይ ነበሩ። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ተቀምጦ እነዚያን ምስሎች ያጠና የነበረ ተመራማሪ በአንድ ሌሊት ከምንጩ ተለየ። ለንደን ያሉት ብራናዎች አንዳች አልሆኑም፤ የጠፋው ከሩቅ የሚነበቡበት መንገድ ነው።

ይህን ክስተት የብሪታንያ የደኅንነት ጉድለት ብቻ አድርገን ካለፍነው ዋናው ነገር ያመልጠናል። ቤተ መጻሕፍቶቻችን ወደ ኤሌክትሮኒክ ሀብት ሲሸጋገሩ ደጋግመው የሚጠይቁት «ስንት ዳታቤዝ እናገኛለን?» የሚለውን ነው። «ያገኘነው የማን ነው? ነገ ቢቋረጥ በእጃችን ምን ይቀራል?» የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። በእኔ እምነት የክምችት አስተዳደር ዛሬ ከግዢ ይልቅ የውልና የቅጂ ሥራ ሆኗል፤ ሙያው ይህን ለውጥ ገና በሚገባው ክብደት አልያዘውም።

የታተመ መጽሐፍ ጉዳይ ቀላል ነበር። ማኅተም ተመትቶበት፣ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ በኋላ አሳታሚው ቢከስር ወይም ዋጋው በእጥፍ ቢጨምር መጽሐፉ እዚያው ነው። ኤሌክትሮኒክ ጆርናል በአመዛኙ የኪራይ ቤት ነው፤ ክፍያው በቆመበት ቀን ተከራዩ ለዓመታት የከፈለው ገንዘብ በሩን አያስከፍትለትም። ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የሚያቀርበው እያንዳንዱ ኢ-መጽሐፍ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ፈቃዱ እንዲያበቃና ዳግም እንዲገዛ ሲወስን፣ የባለሙያዎቹ ቁጣ የበረታው በዋጋው ብቻ አልነበረም። «ክምችታችን» ይሉት የነበረው ነገር የእነሱ እንዳልነበር በግልጽ ተነገራቸው።

ውልን በጥንቃቄ ማንበብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ደግሞ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሳያል። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 ከአሳታሚው ኤልሰቪየር ጋር መደራደሩን ሲያቆም አንባቢዎቹ ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። የተከፈለበት ዓመት ይዘት ደንበኝነቱ ከተቋረጠ በኋላም እንዲነበብ የሚያስችል መብት ቀድሞ ስለተያዘ፣ ከ2019 በፊት የወጡት አብዛኞቹ ጽሑፎች ክፍት እንደሆኑ ቆዩ። ሁለቱ ወገኖች በማርች 2021 አዲስ ስምምነት ላይ ሲደርሱ ዩኒቨርሲቲው ሳይቸኩል ለመደራደር የቻለው፣ በእጁ የቀረ ነገር ስለነበረው ጭምር ይመስለኛል።

የእኛ መነሻ ከዚህ በጣም ይለያል። የኢትዮጵያ የሕክምናና የግብርና ትምህርት ቤቶች ለዓመታት የተመገቡት እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት በተጀመረው የጆርናል አቅርቦት ፕሮግራም በሂናሪ እና በ2003 በተከተለው በአጎራ ነው። ሁለቱም ኢትዮጵያን ከመሰሉ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ክፍያ አይጠይቁም። ውለታቸው ትልቅ ነው። በሽተኛ ፊት የቆመ ሐኪም አዲስ የሕክምና መመሪያ ማንበብ ሲችልና ሳይችል ያለው ልዩነት በጥናት ወረቀት ብቻ የሚለካ አይደለም። ነገር ግን ስጦታ ለተቀባዩ የመደራደሪያ ቦታ አይሰጠውም። በጃንዋሪ 2011 የተወሰኑ ታላላቅ አሳታሚዎች በባንግላዴሽ ገበያ ስላገኙ ብቻ ከ2,000 የሚበልጡ ጆርናሎችን ከሂናሪ አነሡባት። የሳይንሱ ማኅበረሰብ በመቃወሙ አሳታሚዎቹ ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሱ። ያ ጩኸት ባይሰማ ኖሮ የባንግላዴሽ ቤተ መጻሕፍት የሚያነሡት አንድም የውል አንቀጽ አልነበራቸውም። ኢትዮጵያም የገቢ ደረጃዋ ከፍ ባለ ቁጥር ነጻነቱ ወደ ክፍያ ሊለወጥ ይችላል። አገራችን የምትመኘው ዕድገት ራሱ ደጃፉን ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው፤ ለዚያ ቀን ከወዲሁ የሚመደብ በጀትና የሚዋቀር የጋራ ተደራዳሪ አካል ሊኖር ይገባል።

እዚህ ላይ የአጠቃቀም ቁጥርን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ኤሌክትሮኒክ ሀብት ይቀጥል ወይስ ይቋረጥ የሚለው ውሳኔ በአብዛኛው የሚመሠረተው ስንት ጽሑፍ ወረደ በሚለው ዘገባ ላይ ነው፤ የዓመቱ ክፍያ በውርዶች ብዛት ተካፍሎ «የአንዱ ንባብ ዋጋ» ይወጣለታል። ስሌቱ መብራትና መስመር ለማይቋረጥበት አገር የታሰበ ነው። ግቢው ውስጥ ኔትወርክ በሌለበት ሳምንት ማንም ምንም አያወርድም። አንዱ ተማሪ ያወረደውን በፍላሽ ለሃያ ጓደኞቹ ሲያካፍል ደግሞ ዘገባው የሚያየው አንድ ሰው ነው። ያንን አነስተኛ ቁጥር «ፍላጎት የለም» ብሎ የሚተረጉም አስተዳዳሪ ችግሩን በአንባቢው ላይ ያላክካል።

ከዚህ ሁሉ የተሻለ አርአያ ያለን ሩቅ ሳንሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውና ኢኤምኤምኤል በሚለው አሕጽሮት የሚታወቀው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከ9,000 የሚበልጡ ብራናዎችን ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ፊልም አንሥቷል። ከእነዚህ አንዱ በቁጥር 1832 የተመዘገበው፣ በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ነው። የዚህን ፕሮጀክት ብልህነት በቁጥሩ ብቻ መለካት ያሳንሰዋል። ብራናው በቦታው ቆየ፤ አንዱ የፊልም ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀመጥ ሌላው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተላከ። በዚያም ዊሊያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብራናዎቹን አንድ በአንድ እየመረመሩ ካታሎግ አዘጋጁላቸው። ስለዚህ አንዱ ቦታ ቢቃጠል፣ ቢዘረፍ ወይም ፖለቲካው ቢበላሽ ጽሑፉ ይተርፋል። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው፣ ቤተ መጻሕፍት የጆርናሎችን ቅጂ በየራሳቸው ኮምፒውተር እየያዙ እርስ በርስ የሚያመሳክሩበት ሎክስ የተባለ ሥርዓት በመሠረቱ የሚያራምደው ይህንኑ ሐሳብ ነው። እኛ በፊልም ዘመን የሠራንበትን መርህ በዲጂታል ዘመን መዘንጋታችን ያሳዝነኛል።

የራሳችን ምርትስ? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የኦፕን አክሰስ ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የምርምር ውጤት በክፍት ማከማቻ እንዲቀመጥ ያዝዛል፤ ዩኒቨርሲቲዎችም እንደ ዲስፔስና ኮሃ ያሉ ነጻ ሶፍትዌሮችን ይጠቀማሉ። ፖሊሲው ደፋርና ትክክል ነው። የሚጎድለው ከታች ያለው አሰልቺ ሥራ ነው፦ መረጃውን በወጥ መንገድ መመዝገብ። ሥነ ጽሑፍ ብሎ የጻፈ ተማሪ ስነ ጽሁፍ ተብሎ የተመዘገበውን ጥናት ላያገኝ ይችላል፤ ኃይለ ሥላሴ በስንት ዓይነት ፊደል እንደሚጻፍ ማንም ያውቃል። ዓመተ ምሕረቱ በኛ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር ያልተለየበት መዝገብ ደግሞ ተመራማሪውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያሳስታል። ደራሲው በራሱ ስም ይመዝገብ ወይስ በአባቱ የሚለውም በየተቋሙ ይለያያል። ሞክሼ ፊደላትን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ የሚቆጥር ማውጫ መሥራት አዲስ ግኝት አይጠይቅም፤ አንድ ጎበዝ የፕሮግራም ባለሙያና አንድ የግእዝ አዋቂ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚያልቅ ነው። አንድ ጊዜ በሚገባ ከተሠራ ሁሉም ቤተ መጻሕፍት ሊወስደው ይችላል። ለውጭ ዳታቤዝ የምንጨነቀውን ያህል ለዚህ አለመጨነቃችን የቅደም ተከተል ስሕተት ነው እላለሁ።

ወደ መቅደላ ብራናዎች ስንመለስ፣ አስመላሾችና ባለይዞታዎች ሲከራከሩ «ዲጂታል መመለስ» የሚል አማራጭ ይቀርባል። ብራናው እስኪመለስ መጠየቁ ይቀጥል፤ እኔም ከሚጠይቁት ወገን ነኝ። ሆኖም እስከዚያው ዲጂታል ምስል ይበቃችኋል የሚል ወገን ካለ፣ ቢያንስ ምስሉን ይስጥ። የድረ ገጽ አድራሻ መስጠት ምስል መስጠት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የሆነው ይህን ያለ ክርክር አረጋግጧል። ሙሉ ጥራት ያላቸው ፋይሎች ከነመግለጫቸው ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ወመዘክር ለሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሊተላለፉ ይገባል፤ የሚፈረመው ውልም ሁለቱ ተቋማት ምስሎቹን ያለ ገደብ እንዲያባዙ፣ በራሳቸው ሰርቨር እንዲያስነብቡና በፈለጉት ቋንቋ ካታሎግ እንዲያወጡላቸው በግልጽ ይፍቀድ። ፋይሎቹን የሚቀበለው ክፍል ከርክክቡ በፊት ማከማቻው፣ መጠባበቂያ ኃይሉና በቋሚነት የተመደበ ባለሙያው ተሟልተውለት መገኘት አለበት፤ ይህ ደግሞ ከለንደን የሚጠበቅ ሳይሆን የእኛው የቤት ሥራ ነው።