ኤዴስዮስ የነገረን፣ እኛ የጨመርንበት

ሃያ ሁለት ባለው አዳራሻችን ድራማ የሚለማመዱ ወጣቶች አንድ ጽሑፍ አምጥተው «መምህር፣ እስቲ ይዩልን» አሉኝ። ስለ ፍሬምናጦስ ነው። በሦስተኛው ትዕይንት ፍሬምናጦስ በንጉሥ ኢዛና ፊት ቆሞ ረጅም ስብከት ይሰብካል፤ ንጉሡ ዘውዱን አውልቆ ይንበረከካል፤ መዘምራን ይነሣሉ፤ መጋረጃ ይዘጋል። ጽሑፉ ጉልበት አለው፣ አልክድም። «ስብከቱን ከየት አገኛችሁት?» ብዬ ስጠይቅ ግን «ያው የታወቀ ታሪክ አይደል?» አሉኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ መልስ ነው።

ታሪኩን በትረካ መልክ ያቆየልን ሩፊኖስ ነው። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በላቲን በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ጥቂት ገጾች ብቻ ሰጥቶታል። ሜሮፕዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ የሚያስተምራቸውን ሁለት ዘመዶቹን፣ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን፣ ይዞ «ሕንድ» ወደተባለ አገር ይጓዛል። ሲመለሱ መርከባቸው ውኃ ለመቅዳት ወደብ ትይዛለች። የአገሬው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና የተሳፈረውን ሁሉ ይገድላሉ። ሁለቱ ልጆች በዚያን ሰዓት ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠናሉ። ገዳዮቹ ራርተውላቸው ወደ ንጉሡ ይወስዷቸዋል።

ሩፊኖስ ደሙን አልዘረዘረም፤ ጩኸቱንም አላሰማንም። ዛፉንና ትምህርቱን ብቻ አሳይቶን አለፈ። እኛ ብንሆን እዚያ ላይ ስንት መዝሙር እንጨምር ነበር!

ከዚያ በኋላ ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ ይሆናል፤ አእምሮው የሰላው ፍሬምናጦስ ደግሞ ሒሳቡንና ደብዳቤውን ይይዛል። ንጉሡ ሲሞት ነጻ ይለቃቸዋል። ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ አገሩን በማስተዳደር እንዲያግዟት ትለምናለች። ፍሬምናጦስ በዚህ ሥልጣኑ ላይ ሳለ ከሮም ግዛት ከሚመጡት ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያኖቹን ፈልጎ ያገኛል፤ የሚሰበሰቡበትና የሚጸልዩበት ስፍራም እንዲኖራቸው ያደርጋል። ሕፃኑ ሲያድግ ሁለቱም ይሄዳሉ። ኤዴስዮስ ቤተሰቡን ናፍቆ ጢሮስ ይገባል። ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ወርዶ ለአትናቴዎስ ስለዚያ ሕዝብ ይነግረዋል፤ አትናቴዎስም ጳጳስ አድርጎ መልሶ ይልከዋል።

ታዲያ ስብከቱ የት አለ? የለም። ሩፊኖስ ይህን ሁሉ የሰማው በጢሮስ ቅስና ከተቀበለው ከኤዴስዮስ አፍ እንደሆነ ራሱ ይነግረናል። ትረካው የሚያየው ኤዴስዮስ ባየው ልክ ነው። እርሱ ከአገሩ ሲወጣ ዝርዝሩም አብሮት ይወጣል፤ ፍሬምናጦስ ተመልሶ የሠራው በጥቂት ዐረፍተ ነገር ያልቃል። ለእኔ የጽሑፉ ትልቁ ውበት ይህ ነው። ምስክሩ ያላየውን አያይም።

የኢዛና ስምም በሩፊኖስ ላይ የለም፤ አክሱም የሚለውም የለም። በአገራችን ትውፊት ነገሥታቱ አብርሃና አጽብሐ ናቸው። ኢዛናን ከፍሬምናጦስ ጋር አንድ ላይ የምናገኘው በሌላ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ በአርዮሳውያኑ ጳጳስ በጊዮርጊስ ዘንድ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲላክ ይጠይቃል። ደብዳቤውን ያቆየልን አትናቴዎስ ነው። የፍሬምናጦስን ታማኝነት የሚመሰክርለት የባላጋራው ጥርጣሬ መሆኑ ያስደንቀኛል።

ሩፊኖስ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በትረካው ከአገሬው ሰው ድምፅ ያላት ንግሥቲቱ ብቻ ናት፤ እርሷም ስም የላትም። ሌላው ወይ ይገድላል ወይ ያምናል። አክሱማውያንን መስማት የፈለገ ወደ ድንጋዩና ወደ ሳንቲሙ ይሂድ። በኢዛና ሳንቲም ላይ የጨረቃና የክብ ምልክቱ ወርዶ መስቀል ይተካል። በቀደሙት ጽሑፎቹ ራሱን የማሕረም ልጅ ይል የነበረው ንጉሥ፣ በኋላ በግዕዙ የሰማይን ጌታ፣ በግሪክኛው አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። ምስጋናው በቀረበበት በዚያው የግዕዝ ድንጋይ ላይ የተገደሉትንና የተማረኩትን፣ ከብቱንና በጉን በቁጥር ያሰፍራል። በድራማው ላይ የተንበረከከው ንጉሥ ይህን ሁሉ ለመሸከም በጣም ቀላል ነው።

እኛ ወንጌላውያን ደግሞ የራሳችን ግድፈት አለን። ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ጃንደረባ ተነሥተን በአንድ ዝላይ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው ኦኔሲሞስ ነሲብ ላይ እናርፋለን። ጃንደረባው ያገለግላት የነበረችው ህንደኬ የመርዌ ንግሥት እንደሆነች፣ መርዌም ዛሬ በሱዳን እንደምትገኝ ብዙ ጊዜ አንናገርም። ፍሬምናጦስን ደግሞ «የእነርሱ አባ ሰላማ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሰውየው የኖረው «እነርሱ» እና «እኛ» የምንባልባቸው ስሞች ገና ሳይፈጠሩ ነው። በዚህ ረገድ ልጆቹ ከብዙዎቻችን ቀድመዋል፤ ቢያንስ ስሙን መድረክ ላይ አውጥተውታል።

የሰጠኋቸው አስተያየት አንድ ነው፦ ስብከቱ ይውጣ፤ በምትኩ ፍሬምናጦስ የሒሳብ መዝገቡን ዘግቶ ነጋዴዎቹን «ከእናንተ ክርስቲያን ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ እንየው። «ሕዝቡ ይተኛል መምህር!» አሉኝ። አንዲት ልጅ ግን ድራማው በሽማግሌው ኤዴስዮስ ይጀመር አለች፤ ጢሮስ ተቀምጦ ለእንግዳ ሲተርክ፣ ወዳጁ ያለበትን አገር በዓይነ ሕሊናው እያየ። ቅዳሜ እንሞክረዋለን። የኢዛናን ዘውድ ግን ቀድመው ከካርቶን ሠርተውታል፤ ወርቅ ቀለምም ቀብተውታል።