«ዘ ማርሺያን»፦ ፊልሙ የዘለላት ብሎን

የሪድሊ ስኮትን የ2015 ፊልም «ዘ ማርሺያን»ን አይታችሁት ይሆናል። ማርስ ላይ ብቻውን የቀረው ማርክ ዋትኒ ድንች ሲያበቅል ሁሉም ያስታውሰዋል። እኔን ያስቆጨኝ ግን ሌላ ትዕይንት ነው። ስንቅ የጫነ ሰው አልባ መንኮራኩር በጥድፊያ ይላካል፣ ፍተሻው ይዘለላል፣ ሮኬቱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ከዚያ ድው! ለምን ፈነዳ? ፊልሙ ሳይነግረን ያልፋል።

ፊልሙ የተሠራበት የአንዲ ዊር ልብወለድ ግን መልስ አለው፤ ጣፋጩ ሳይንስም እሱ ነበር። የተጫነው ደረቅ ምግብ በሮኬቱ ግፊትና ንዝረት የተነሳ እንደ ፈሳሽ መሆን ይጀምራል። ቂርቆስ ውስጥ ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን የተሸከመ ሰው ነገሩን በእጁ ያውቀዋል። ሙሉው ይከብዳል እንጂ አይረብሽም፤ ግማሹ ግን ወዲያና ወዲህ እየተላጋ ይጎትታችኋል። እዚያም ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ እንከን ያለባት አንዲት ብሎን ትበጠሳለች። በቃ፣ አለቀ። ይህን ቆርጦ እሳቱን ብቻ ማሳየት፣ ምርመራውን ጥሎ ወንጀሉን ብቻ እንደሚያሳይ የፖሊስ ፊልም ነው።

«ብሎን ለፊልም አይመችም» ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እውነተኛውን ታሪክ ስሙ። ፊልሙ ሊወጣ ሦስት ወር ገደማ ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 2015፣ ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ስንቅ ይዛ የሄደችው የስፔስ ኤክስ ድራጎን የተሳፈረችበት ሮኬት በተነሳ በ2 ደቂቃ ከ19 ሰከንዱ ተበታተነ። ኩባንያው መርምሮ እንዳስታወቀው፣ በፈሳሽ ኦክስጅን ታንከሩ ውስጥ የሂሊየም ጋን ደግፎ የያዘ ብረት፣ መሸከም ከሚገባው አንድ አምስተኛ በሆነ ጫና ተሰብሮ ነበር። ከዚህ የበለጠ ልብ አንጠልጣይ ምን አለ?

ደግሞ ሌላ ነገር። ፊልሙ አንድ ጭነት ከጠፋ ሰው ያልቃል የሚል ስሜት ይተዋል። ለማርስ እውነት ነው፤ መንገዱ ወራት ይፈጃል። ጣቢያው ግን ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በቀጥታ መስመር ከካዛንቺስ ጎንደር እንደማለት እኮ ነው! ከኦክቶበር 2014 እስከ ጁን 2015 ሦስት የስንቅ መንኮራኩሮች ጠፍተዋል፤ አንታሬስ ፈነዳ፣ የሩሲያው ፕሮግረስ ከቁጥጥር ወጣ፣ ድራጎንም ተከተለች። ማንም አልተራበም። የወራት መጠባበቂያ ነበራቸው፤ ድራጎን በጠፋች በአምስተኛው ቀንም ሌላ ፕሮግረስ ተነስቷል።

ቻይና ሮኬቷን የምትሰጥበትን ክፍል ግን ወድጄዋለሁ። የማይመስል ነገር ነው የሚል ካለ፣ የእኛዋ ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይትም ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከታይዩዋን የተነሳችው በቻይና ሮኬት ነው።

እና ፊልሙን እዩት። ሮኬቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን አቁሙትና መጽሐፉን ክፈቱ።